ከል የለበሰው መንደር

ውድ ወንድሜ ሮቤል፣

እማ አወቀች። መርዶውን የነገራት ሽማግሌ አይደለም፤ የእኔ ኮምፒውተር ነው። ለአንተ ካልነገርኩ ለማን ልንገር? እየጻፍኩልህም እናደድብሃለሁ። ባሕሩን ምን አስመኘህ፣ አንተ ልጅ?

ከጅቡቲ አብሮህ ጀልባ የተሳፈረው የግራና ከተማው ልጅ ሰለሞን ተመልሶ መጣ። ጀልባዋ ስትገለበጥ በዓይኑ እያየ ውሃው እንደወሰደህ ለአጎታችን ለጋሽ ሙላቱ ነገራቸው። እሳቸውም ከምማርበት ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ አስጠሩኝ።

«እሁድ ጎህ ሲቀድ ጎረቤቱን ሰብስበን እናትሽን እናረዳታለን። እስከዚያ ሂጂና አጠገቧ ሁኚ። ከፊትሽ ላይ እንዳታነብ፣ አደራ!»

እሺ አልኩ። ሚኒባስ ተሳፍሬ መርሳ ገባሁ። ምን ምርጫ ነበረኝ?

ቅዳሜ እማ ገበያ ስትወጣ አንተ የሠራኸውን የኮምፒውተር ጌማችንን ከፈትኩት፤ ያን በባጃጅ ማንጎ ተጭኖ ከመርሳ ወልድያ የሚኬድበትን። ሾፌሩ አንተው ነህ፣ ቀዩን ሹራብህን ለብሰህ። እማ ደጃችን ላይ ቆማ ትጠብቅሃለች፤ ጎረቤቱም በየደጁ ቆሟል። ኮምፒውተሩ እንዳይንቀራፈፍ ብለህ ማቴሪያል የምትለውን አንድ ነጭ የልብስ ቀለም ሠርተህ፣ ከአንተ በቀር መንደሩን በሙሉ እሱን እንዳለበስከው ጭራሽ ረሳሁት።

የከፈትኩት እማን በከል አስቀድሜ ልያት ብዬ ነው። እሁድ ከእሷ ቀድሜ እንዳልወድቅ፣ ዓይኔ ቢለምደው ብዬ። ልብሷን የሚያጠቁር አጭር የኮድ ትእዛዝ ጻፍኩ። ከነጩ ቀለም ለእሷ ብቻ ቅጂ አውጣና ቅጂውን አጥቁር ማለት ሲገባኝ፣ ሁሉም የለበሰውን የጋራውን አጥቁር አልኩት። ማስጀመሪያውን ስጫን መንደሩ ሁሉ ከል ለበሰ! ደንግጬ አስቆምኩት። ሲቆም ወደ ነጭ ይመለሳል ብዬ ነበር፤ አልተመለሰም። የጋራው አንዴ ከተነካ እንደተነካ ይቀራል፣ ስንቴ ነግረኸኛል!

ኮቴዋን አልሰማሁም። ዘንቢሏን እንደያዘች ከኋላዬ ቆማለች።

«የሮቤል ጨዋታ ናት? እስቲ ዞር በይልኝ፣ ልጄን ልየው።»

ልዘጋው ስል እጄን ያዘችኝ።

«የማን ለቅሶ ነው፣ ማህሌት?»

«ኧረ የማንም አይደለም እማ! ተሳስቼ ነው፣ ቀለሙን አበላሽቼው ነው።»

እውነቴን ነበር፤ ድምፄ ግን ከዳኝ። ጎንበስ ብላ በየተራ አየቻቸው።

«ይቺ ጎረቤታችን የሻረግ ናት። ይቺ ደግሞ እኔ ነኝ፤ እኔም ለብሻለሁ።» ከዚያ ጣቷን ቀዩ ሹራብህ ላይ አሳረፈች። «ሁሉም ሲለብስ እሱ ብቻ ለምን ቀረ?»

ምን ልበላት፣ ሮቤል? እሷም መልስ አልጠበቀችም።

«ለራሱ ከል የሚለብስ የለማ» አለች፣ ቀስ ብላ። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ አዘቅዝቃ ለበሰችው። ከዚያ ጮኸች። መርዶ ጎረቤት ተሰብስቦ የሚነገረው የሚይዝ ሰው እንዲኖር ነው ለካ። እኔ ብቻዬን ነበርኩ፤ ከእጄ አምልጣ መሬት ላይ ተፈጠፈጠች። ጋሽ ሙላቱ እስካሁን ቀና ብለው አያዩኝም፣ እውነታቸውን ነው።

ነጩን መመለስ የአንድ መስመር ሥራ ነው። አልነካሁትም። ለማን ብዬ?

አሁን እማ ለቀስተኛው ሲሳሳ ጠብቃ «ጨዋታዋን ክፈቺልኝ» ትላለች። ባጃጁን እየነዳህ ደጃችን ድረስ ትመጣለህ። ከዚያ ሞተሩ ይንዶቆዶቃል፣ አንተም እንደተቀመጥክ ትቀራለህ። ከባጃጁ የምትወርድበትን ኮድ ሳትጽፈው ነው የሄድከው።

«ውረድ በይው እንጂ፣ ልጄ ደክሞታል» ትለኛለች።

እንዴት እንደሚጻፍ አውቃለሁ፣ ወንድሜ። «አልችልበትም፣ እማ» እላታለሁ፤ አንተ ብትወርድ እሷ በሩን ከፍታ እንዳትጠብቅህ ብዬ።

ደህና ግባ እንዳልልህ የምትገባበት የለህ።

እህትህ ማህሌት
ከመርሳ