አምባዛው ምግብ ሲተው

ለካሴ፣

ከተለየኸን ሦስት ወር ሊሞላ ነው። ለቅሶው ሲያልፍ ናፍቆት ይመጣል ብለውኝ ነበር፤ የመጣብኝ ግን ንዴት ነው። ስለዚህ ዝም ብለህ ስማኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ዘንድሮ ሰቆጣ ዝናቡ ደህና ነው። ክፍልህን ሌላ የባዮሎጂ መምህር ተረክቦታል። ከተከዜ በጀሪካን አምጥተህ ሳሎን በመስታወት ገንዳ ያኖርከው አምባዛህም አለ። አለ ማለት ከተቻለ! ሊጠይቀን የመጣ ሁሉ ዳቦ ሲፈረፍርለት ውኃው ሸተተ። ሰሞኑን ደግሞ ቆዳው ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ወጣበት፤ ሰውነቱን ከድንጋይ ጋር ያሽ ጀመር፤ ምግብም ተወ።

ወንድምህ አያ ደምሌ ለገበያ ከደሃና መጥተው እኛ ዘንድ አርፈዋል። ዓሣው መታመሙን ነገርኳቸውና ጓዳ ደርሼ ብመለስ፣ ትልቅ ቁራጭ አሞሌ ገንዳው ውስጥ ጨምረው ጠበቁኝ። በሬ መኖ ሲተው አሞሌ ያስልሱታል፣ ይድንላቸዋል፤ አምባዛውም ይልሰዋል ብለው ነው! ቅርፊት የሌለውን ዓሣ! ያ ሁሉ ጨው ሲሟሟበት ከመስታወቱ ጋር ይላተም ጀመር። ታላቅ ናቸው፣ እንግዳ ናቸው ሳልል ጮኽኩባቸው። እሳቸውም ደንግጠው ዓሣው ሳይድን አልሄድም ብለው ሰነበቱ።

ከዚያ አንተ እንዳሳየኸኝ አደረግሁ። አሞሌውን አወጣሁ፤ ከግማሽ በላይ ውኃውን ቀዳሁና በባልዲ አድሮ ክሎሪኑ የወጣለትን ቀስ እያልኩ ጨመርኩ። ጢሞቹን አየሁ፤ በሽታው አልበላቸውም። ከባሕር ዳር ያስመጣኸውን መድኃኒት ለሌላ ዓሣ ከሚሰጠው በግማሽ ቀንሼ ሰጠሁት፤ ቅርፊት ስለሌለው ያቃጥለዋል ትለኝ ነበር። ወደ ላይ ብቅ ብሎ አየር ሲጎርስ ጎረቤቱ ታፈነ ብሎ ሲደነግጥ እየሳቅህ የምታስረዳው ትዝ አለኝ። አየር መጉረሱ ተፈጥሮው ነው፣ የሚያስፈራው ምግብ ሲተው ነው ትል ነበር።

ይህን ያልከው እኮ አንተ ነህ! ሁዳዴን ሙሉ ሳህንህን ስትገፋ «ጾም ነው» አልከኝ። ቀበቶህ ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ ስትበሳም «ጾም ነው» አልከኝ። በሁዳዴ አገሩ ሁሉ ይከሳል፤ ማን ይለይሃል? የፋሲካ ዕለት ሥጋውን ሳትነካ ስትነሣ ነው ልቤ ድንግጥ ያለው። ሐኪሙ ጉበትህን አይቶ፣ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ አለ። ለአንድ ዓሣ ጧት ማታ መስታወት ላይ ተለጥፈህ ምልክት የምትፈልግ ሰው፣ የራስህን ሆድ አንድ ቀን ብታስመረምር ምን ነበረበት? እግዚአብሔር በጾም አሳብባችሁ ሕመም ደብቁ ብሏል? ያንገበግበኛል ካሴ። ደህና አድርጌ እንኳ እንዳልናፍቅህ አደረግኸኝ።

ዛሬ ጧት አምባዛው ከድንጋዩ ሥር ወጥቶ የጣልኩለትን ትል ጎረሰ። አያ ደምሌ ልጅ የተወለደላቸው ያህል እልል አሉ። ደስ ብሎኝ ከቅዳሴ መልስ ሽሮ ሠርቼ አቀረብኩ። ሁለቴ ጎርሰው ሳህኑን ገፉት። እጃቸውን ሊታጠቡ ጋቢያቸውን ሲያወልቁ ትከሻቸው አጥንት ብቻ ሆኗል። «ምነው አያ፣ ምን ሆኑ?» አልኳቸው።

«ፍልሰታ አይደል፤ ጾም ነው» አሉኝ። ፍልሰታ እኮ ገና መግባቱ ነው!

ነገ ጧት ሐኪም ቤት እወስዳቸዋለሁ። በሬዎቼን ማን ያያል እያሉ ያጉረመርማሉ፤ ያጉረምርሙ። ሳይነግሩኝ እንዳይሄዱ ጫማቸውን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌባቸዋለሁ። አንተንም እንዲህ ማድረግ ነበረብኝ እያልኩ ራሴን አልወቅስም፤ ጥፋቱ ያንተ ነው። ግን አልረሳህም። በሕይወት እስካለሁ ገበታ በቀረበ ቁጥር፣ የሰውን ሁሉ ሳህን እያየሁ አስታውስሃለሁ።

ባለቤትህ አስካለ