ባሱ የማይሰማባቸው ካሴቶች
የአቶ ጌታነህ ተክለማርያም የሕይወት ታሪክ

አቶ ጌታነህ ተክለማርያም ከአባታቸው ከአቶ ተክለማርያም ወልደየስ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ እኅተማርያም ዘለቀ ጥቅምት 12 ቀን 1950 ዓ.ም. በጎባ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከመንዝ መጥተው በአስተዳደር መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ያገለገሉ ሰው ስለነበሩ ልጃቸውም ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ ማኅተም እንዲመታላቸው ይመኙ ነበር። ይህ አልሆነላቸውም።

አቶ ጌታነህ ትምህርታቸውን እስከ አሥራ አንደኛ ክፍል በጎባ ከተከታተሉ በኋላ በ1971 ዓ.ም. ክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድን ሲያደራጅ ሊድ ጊታር ለመጫወት ሊመዘገቡ ሄዱ። ከደሎ መና ሲመለሱ መኪና ተበላሽቶባቸው ዘግይተው ስለ ደረሱ ግን ሊዱም ሪትሙም ተይዞ ጠበቃቸው። የቀረው ማንም ያልፈለገው ባለ አራት ክር ባስ ጊታር ብቻ ነበር። መታ መታ አድርገው፣ «ይሄ ምን ይላል? አይሰማም እኮ!» ቢሉ የቡድኑ ኃላፊ፣ «ሲጠፋ ይሰማል፤ ያዘው» አሏቸው። ያዙት፤ በዚያው ዕድሜያቸውን ጨረሱበት።

ባሱም አምፕሊፋየሩም ከምሥራቅ ጀርመን የመጡ ነበሩ። አምፕሊፋየሩ የጥንቱ ባለ አምፖል ዓይነት ሲሆን ሲበራ ከኋላው ያሉት ትንንሽ ብርጭቆዎች እንደ ፍም ይቀላሉ፤ ክብደቱ ለሁለት ጎረምሳ ነው። አቶ ጌታነህ ስለዚህ ዕቃ የነበራቸው አቋም በባሌ ሙዚቀኞች ዘንድ እንደ ሃይማኖት የታወቀ ነው። ከሥራ በፊት ተረጋግቶ መቀመጥ፣ ቀጥሎ በርቶ መሞቅ አለበት፤ እስከዚያ ማንም አይነካውም። ዘመን ያመጣውን ቀላሉን አምፕሊፋየር፣ «ይጮሃል እንጂ አይናገርም» ብለው ንቀውታል። ያረጀ ባስ ከአዲስ ይበልጣል ባይ ነበሩ፤ እንጨቱ ደርቆ አመሉን እስኪያወጣ ሃያ ዓመት ይፈልጋል ይሉ ነበር። ከአዲስ አበባ አንድ አሮጌ ዕቃ ሰብሳቢ መጥቶ፣ «ይሽጡልኝ፤ ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ነው የምሰቅለው» ቢላቸው፣ «እኔንስ አብረህ ትሰቅለኛለህ?» ብለው አሰናብተውታል።

በ1978 ዓ.ም. ከወ/ሮ ኢፍቱ ዳቢሴ ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተሳስረው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። ወ/ሮ ኢፍቱ ያገቡት ሰው ምን ዓይነት እንደሆነ የገባቸው የሠርጉ ድግስ ሳይረሳ፣ ድስታቸው ውስጥ ሽቦ ሲንተከተክ ያገኙ ቀን ነው። አቶ ጌታነህ አዲስ ክር እንደ ቆርቆሮ ይንጫጫል ብለው ስለሚያምኑ አይቀይሩም፤ አሮጌው ሲደነዝዝ ይቀቅሉታል፤ የእጅ ቅባቱ ሲለቅ ድምፁ ይመለሳል። በኦሮምኛ አጠራራቸው፣ «ያ ጌታነህ! ሰው በጤናው የሽቦ ወጥ ይሠራል?» ብለው ቢጮኹ አቶ ጌታነህ ክዳኑን ከፍተው፣ «እስቲ ቅመሽው፤ ጨው አነሰው እንዴ?» አሏቸው። ያ ድስት ከዚያ ቀን ጀምሮ የባሱ ሆኖ ቀርቷል።

የኪነት ቡድኑ በ1983 ዓ.ም. ሲበተንና ንብረቱ ሲሸጥ አቶ ጌታነህ ባሱንና አምፕሊፋየሩን አስቀሩ። ከቡድኑ ድራመር ከሮቤው አቶ አብዱልመሊክ ዋቆ ጋር ሆነውም የሠርግ ባንድ አቋቋሙ። ከአዳባ እስከ ጊኒር በዚያ ዘመን የተዳረ ሰው በሁለቱ ነው የተዳረው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አቶ ጌታነህ ወንበር ሳይደረደር ይደርሳሉ፤ ሳይጫወቱ እህል አይቀምሱም፤ መጠጥ በደረሰበት አይደርሱም፤ ባሳቸውን ለሰው አያሸክሙም፤ ከድራመሩ ግራ ጎን ሌላ ቦታ አይቆሙም። አንዳንዴ በዘፈን መሃል ለቅጽበት እጃቸውን ከክሩ ላይ ያነሳሉ። የጨፋሪው እግር ሲደናገር ያዩና አቶ አብዱልመሊክን ጠቀስ አድርገው ይመለሳሉ። መሰማታቸውን የሚያረጋግጡበት ሌላ መንገድ አልነበራቸውም፤ ሕዝባችን የሚሸልመው ዘፋኙን ነውና።

በጥር ወር 2006 ዓ.ም. የአቶ አብዱልመሊክ ልጅ ሰይዳ ደሎ መና ተዳረች። ባንዱ ጎህ ሳይቀድ ከጎባ በአይሱዙ ተነሣ። የጎባ ሰው የሰነቴን ብርዳማ ተራራ ሲወጣ ያገኘውን ሁሉ በብርድ ልብስ ይጠቀልላል፤ ሕፃኑንም፣ ድንቹንም፣ አምፕሊፋየሩንም። ብርድ ልብስ የሚያሞቀው ግን የራሱ ሙቀት ያለውን ነው። ብረቱ ሰነቴ አናት ላይ የጠጣውን ውርጭ እንዳቀፈ የሃረናን ጫካ ቁልቁል ወርዶ ከቆላው ወበቅ መሃል ገባ። ሲፈቱት እንደ ታመመ ሰው አልቦት ነበር። አቶ ጌታነህ ደርቆ ካልተረጋጋ አይበራም አሉ። ሆኖም ሙሽሮቹ በር ላይ ደርሰዋል፤ አጃቢው በጭብጨባ ያጣድፋል። አቶ አብዱልመሊክ የድራም ዱላቸውን እንደያዙ መጡና፣ «ያ ጌቴ፣ ልጄ በዝምታ ልትገባ ነው? ስለ አላህ፣ ዛሬን ብቻ አብራው!» አሏቸው።

አቶ ጌታነህ ለሚኒስትር አያደርጉትም ነበር፤ ለጓደኛቸው አደረጉት። አበሩት። ብርጭቆዎቹ ቀልተው ሳያበቁ ከውስጥ አንድ ነገር ጧ አለ፤ ጭሱ ከሙሽሮቹ ፊት ወጣ። የሰይዳ ሠርግ የቀጠለው ባሱን በኪቦርድ በተካው በወጣቱ ዳግማዊ ግራ እጅ ነው። አቶ ጌታነህ እስኪያልቅ ወንበር ላይ ተቀምጠው አዩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ለመጻፍ ያስቸግራል፤ ምክንያቱም ምንም የለበትም። አምፕሊፋየሩ ውስጥ የተቃጠለው ትራንስፎርመር ሮቤም ሐዋሳም ምትክ አልተገኘለትም። በሌላ አምፕሊፋየር ይጫወቱ ዘንድ ብዙዎች ለመኗቸው፤ «የሰው አፍ ተውሼ አልናገርም» አሉ። ሮቤ ውስጥ በአንድ የስንዴ ነጋዴ መጋዘን ተቆጣጣሪ ሆነው እስከ መጨረሻው ሠሩ። ዛሬ እዚህ ቆመን «አንጋፋው ባሲስት» የምንል ሁሉ በነዚያ ዓመታት ለሠርጋችን ኪቦርድ የጠራን ነን፤ አንድ ሰው ከነመሣሪያው በባጃጅ ስለሚመጣ። ዳግማዊ ክፉ ልጅ አይደለም፤ ግራ እጁ ግን ሰነፍ ነው፤ ይህንንም አቶ ጌታነህ በሕይወት ሳሉ ፊት ለፊት ነግረውታል።

በ2014 ዓ.ም. ልጃቸው ምኞት የአባቷን ሥራ ለማሰባሰብ ተነሣች። ከሰዎች ቤት የሠርግ ካሴትና ቪዲዮ፣ የኪነት ቡድኑንም ቅጂዎች እየለመነች አመጣች። ከጎባና ከሮቤ፣ ከጎሮም ጭምር ብዙ ተገኘ። ዘፋኙ ይሰማል፤ ከበሮው ይሰማል፤ እልልታው ጆሮ ይበጥሳል። አቶ ጌታነህም ከድራመሩ ግራ ቆመው ይታያሉ፤ ጣቶቻቸው ይሄዳሉ፤ ድምፅ ግን የለም። ያ ዘመን ይቀዳ የነበረው ጠረጴዛ ላይ በተቀመጠች ቴፕ፣ ኋላም በካሜራ ላይ ባለች ጥፍር በምታህል ማይክ ነበር፤ እነሱ ደግሞ ወፍራሙን ድምፅ አይዙም። ካሴት በካሴት ተሰማ። ባሱ የለም። ያን ሁሉ ዘመን የሠሩት ሥራ አንድም ቦታ አልተቀመጠም።

አቶ ጌታነህ ይህን አብረዋት ቁጭ ብለው ሰምተዋል። የመጨረሻውን ቪዲዮ ሲጨርሱ፣ «አለሁ ብዬ ነበር እኮ» አሉ። ከዚያ ወዲህ የቤቱ ጉዳይ አንድ ብቻ ሆነ፤ ሰውየው ሳያልፉ አንዲት ዘፈን እንኳ ባሱ እየተሰማ ማስቀረት።

ዳግማዊ በበኩሉ ሮቤ ላይ አነስተኛ ስቱዲዮ ከፍቶ ነበርና ምኞት ለአባቷ፣ «አባዬ፣ እሱ ጋ ሄደን እንቀዳ። ባሱን በቀጥታ ኮምፒዩተር ላይ ይሰካልዎታል፤ አምፕ አያስፈልግም» አለቻቸው።

«አየር ሳይነካው?»

«አየር ምን ያደርግለታል?»

«ሰው የሚሰማው አየሩን ነው። ሽቦ ለሽቦ የሚያወራውን እነሱው ይስሙት።»

ዳግማዊ ራሱ ቤት ድረስ መጥቶ፣ «ጋሽ ጌታነህ፣ አዲስ አበባም እኮ ዛሬ የሚቀዳው እንዲህ ነው» ቢላቸው፣ «እንግዲያው አዲስ አበባን ቅዳ» ብለው ሸኙት። እንዲህ እየተባለ ሁለት ዓመት አለፈ፤ ጣታቸው ሙሉ፣ ጆሯቸው ንጹሕ የነበረበት ሁለት ዓመት። ብዙዎች ግትር ይሏቸዋል። ግትር ነበሩ። ያ ግትርነት ነው ባስ ያጫወታቸው፤ ያው ግትርነት ነው ድምፃቸውን ያስቀረብን።

አቶ አብዱልመሊክ የደሎ መናውን ችኮላ ለራሳቸው ይቅር ያላሉ ሰው ናቸው። የሞተር ሳይክል መለዋወጫ ሱቃቸውን እየዘጉ የተቃጠለውን ትራንስፎርመር ይዘው ስንት ከተማ እንደዞሩ እሳቸው ያውቃሉ። በመጨረሻ ሻሸመኔ ላይ ዲናሞ የሚጠቀልል ባለሙያ በእጁ እንደገና ሊጠቀልለው ተስማማ። ሥራው ግን ወራት ፈጀ። በዚህ መሃል፣ በየካቲት 2017 ዓ.ም.፣ አቶ ጌታነህ መጋዘን ውስጥ ቆመው ስንዴ ሲያስጭኑ ስትሮክ መታቸው። ጎባ ሆስፒታል ተኝተው ታከሙ፤ ነፍሳቸው ተረፈች፤ ግራ እጃቸው ግን አልተመለሰም። ባስ ላይ ቀኝ እጅ ይመታል፤ ድምፁን የሚመርጠው ግራው ነው።

አምፕሊፋየሩ ተሠርቶ የመጣው ከፋሲካ በኋላ ነው። አቶ አብዱልመሊክና የአቶ ጌታነህ የበኩር ልጅ ፍቅረሥላሴ ተሸክመው አልጋቸው አጠገብ አስቀመጡት። የዚያን ቀን ማንም ማንንም አላጣደፈም። ተረጋጋ፤ በራ፤ ቀላ፤ ሞቀ። ባሱን እጭናቸው ላይ አደረጉላቸው። ዳግማዊም መቅጃውን ሰክቶ ማይኩን ይዞ ቆመ። አቶ ጌታነህ በቀኝ እጃቸው ወፍራሙን ክር አንዴ መቱት። የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ፤ ብፌው ውስጥ ያለው ብርጭቆ ሁሉ ጮኸ፤ ወ/ሮ ኢፍቱ ደረታቸውን ያዙ። ድምፁ ያው ነበር። ግራ እጃቸው ግን ባሱ አንገት ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ያንኑ ባዶ ክር ደግመው መቱት። ከዚያ ወደ ዳግማዊ ዞረው፣ በተያዘ አንደበታቸው፣ «አትቅዳው» አሉ። «ይሄ እኔ አይደለሁም።»

አቶ አብዱልመሊክ፣ «ያ ጌቴ! ወላሂ አንተ ነህ፤ አንተው ነህ!» እያሉ እግራቸውን ያዙ።

«ታዲያ ጣቴ የታለ?»

ዳግማዊ ማይኩን ዝቅ ማድረግ አቅቶት ወደ ምኞት አየ። ምኞት አባቷን አየች፤ ሄደችና የመቅጃውን ገመድ ከግድግዳው ነቀለች። አቶ ጌታነህ ለእሷ ራሳቸውን ነቀነቁላት። ከዚያ ቀን በኋላ ባስ አልነኩም።

አቶ ጌታነህ ተክለማርያም ሕመሙ ዳግመኛ በርትቶባቸው ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም ዛሬ ወዳጅ ዘመድ በተገኘበት በተወለዱባት በጎባ ይፈጸማል። አቶ ጌታነህ ባለትዳር፣ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ልጅ አባት፣ የሦስት ልጆች አያት ነበሩ። ከቤተሰቡ ጋር አብረው ሐዘን የተቀመጡትን አቶ አብዱልመሊክ ዋቆንም ቤተሰቡ እንደ ወንድም ይቆጥራቸዋል፤ የደሎ መናው ነገር ከእሳቸው ላይ እንዲወርድም በዚህ አደባባይ ይጠይቃል። አቶ ጌታነህ ወደውና አውቀው ነው ያበሩት።

እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ሲያልቅ «ሥራቸው ሕያው ነው» ይባላል። የእሳቸው ሥራ ሕያው አይደለም። የምናስደምጣችሁ ካሴት የለንም። በእሳቸው ባስ ያገባችሁ፣ የጨፈራችሁ፣ ልጃችሁን የዳራችሁ ሁሉ ድምፁ ደረታችሁን እንዴት እንደመታው ታስታውሱ ይሆናል፤ የቀረው እሱ ብቻ ነው፤ እሱም ከእኛ ጋር አንድ በአንድ ወደ አፈር ይገባል።

እኛ ልንይዘው ያልቻልነውን ዝቅ ያለ ድምፅ ሳይቀር የሚሰማ አምላክ የአባታችንን ነፍስ ይቀበልልን፤ ከሚሰሟቸውም ዘንድ ያኑርልን። ለወ/ሮ ኢፍቱ፣ ለልጆቻቸውና ለወዳጆቻቸው መጽናናትን ይስጥ። አሜን።