ስሟን አልነገርኳቸውም

ውድ ሸዋርካብሽ፣

እንደምን ከረምሽ? እናትሽስ ተሻላቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ ልልሽ ነበር፤ ግን አንቺን አላታልልሽም። እሳቸውን ለማስታመም ወደ ደሴ ከተመለስሽ ወዲህ እዚህ ሐርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር ሰፈር የተከራየነው ቤታችን ሰፍቶብኛል። ድሬዳዋ ያደግኩበትን አማርኛ የማወራው ሰው ስላጣሁ፣ አንዳንዴ ልብስ እያጠፍኩ ብቻዬን ሳወራ እገኛለሁ።

ስለ ጥናታችን በስልክ ያልነገርኩሽ ነገር አለ።

ስድስተኛ ክፍል የምታስተምረውን ሆዶን ታስታውሻታለሽ። ሥነ ምግባር በክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚሰጥ ስንጠይቃት፣ ጠዋት ስለ ሐቀኝነት እንደምታስተምር፣ ከሰዓት ደግሞ ርዕሰ መምህሩ የትልልቅ ሰዎችን ልጆች የፈተና ውጤት እንድታስተካክል እንደሚያዟት የነገረችን እሷ ናት። «ስምሽ ከእኛ አፍ አይወጣም» ያልሻት አንቺ ነሽ። ወደ ሶማሊኛ የመለስኩላት እኔ ነኝ።

ግኝቱን ለትምህርት ቤቶቹ ባቀረብኩ ማግስት ርዕሰ መምህሩ ዱዓሌ ቢሮዬ መጡ። ስም ባንጠቅስም የእሳቸው ትምህርት ቤት መሆኑን አውቀውታል። ማን እንደተናገረ ጠየቁኝ፤ አልነገርኳቸውም። የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ዓብዲከሪም፣ ትምህርት ቤቱ ፈቃዱን ካነሳ ጥናቱ እዚያው ላይ እንደሚቀር አስጠነቀቀኝ። ለእሱም አልነገርኩትም። ያን ቀን በራሴ ኮርቼ ወደ ቤት ገባሁ።

ብዙም ሳይቆይ ዱዓሌ አስሊን አባረሯት። ጥናቱ «የስድስተኛ ክፍል መምህር» ይላል፤ እዚያ ስድስተኛ ክፍል የሚያስተምሩት ደግሞ እሷና ሆዶ ብቻ ናቸው። አስሊ በስብሰባ ላይ የመሰላትን ሳትፈራ ስለምትናገር፣ ከእሷ በቀር ማን ይሆናል ብለው ደመደሙ።

አስሊ ቢሮዬ በር ላይ ጠበቀችኝ። «እኔ እንዳልሆንኩ ታውቂያለሽ» አለችኝ። «ይህንኑ ብቻ ንገሪያቸው። ሌላ ስም አልጠይቅሽም።»

እሷ አይደለችም ማለት ሆዶ ናት ማለት ነበር። ያን ልላቸው አልችልም ነበር። ትንሽ ቆማ አየችኝና ሄደች።

ዱዓሌ ዘንድ ሄጄ በጥናቱ ሰበብ ማንንም ማባረር እንደማይገባቸው ነገርኳቸው። ትክክለኛውን ስም ከሰጠኋቸው አስሊን ነገውኑ እንደሚመልሷት መለሱልኝ። ከዚያ ሆዶ ጋ ሄድኩ። የሆነውን ነገርኳት እንጂ ይህን አድርጊ አላልኳትም። አባቷ ታመው መተኛታቸውን፣ ቤቱ በእሷ ደመወዝ እንደሚተዳደር እያለቀሰች ነገረችኝ። ለዱዓሌ ምንም አልተናገረችም። ወላሂ አልፈረድኩባትም። አሁን ግን መንገድ ላይ ስታየኝ ወደ ማዶ ትሻገራለች። የመሥሪያ ቤት ሰዎችም ሻይ ሊጠጡ ሲወጡ አይጠሩኝም።

ባለፈው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መሐመድ ሞጌ ሰፈር፣ አስሊ ቤት ሄድኩ። በሩን ትዘጋብኛለች ብዬ ነበር። አስገባችኝ፤ ሻይ በወተት ቀዳችልኝ። ሳሎኗ ውስጥ የሰፈር ልጆችን ማስጠናት ጀምራለች። ሻዩን ጠጥተን ጨረስን።

«ስም በመደበቅሽ አልተቀየምኩሽም» አለችኝ በመጨረሻ። «የተቀየምኩሽ፣ ያን ያህል ጊዜ ትምህርት ቤታችን ስትመላለሺ አንድ ቀን እንኳ እኔን ባለመጠየቅሽ ነው። እኔንም እኮ ውጤት እንዳስተካክል አዘውኛል። ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር። ስሜም ይጻፍ እልሽ ነበር።»

ከሁለቱ አንዷን በዕጣ ስንመርጥ ለሆዶ ወጣ፤ አስሊን አለፍናት። በጥናት ደንብ የሠራነው ስህተት የለም። ይህን ልነግራት አፌን ከፍቼ ተውኩት።

«አሁን ብጠይቅሽስ?» አልኳት።

ተነስታ በሩን ዘጋች። ተመልሳ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና የስልኬን ድምፅ መቅጃ እንድከፍት በእጇ አመለከተችኝ። የራሷን ስም፣ የአባቷን፣ የአያቷን ጠርታ ጀመረች። የሆዶን ስም አንድም ጊዜ አላነሳችም።

ዓብዲከሪም ይህን እንደማይቀበለኝ አውቃለሁ። ቢሆንም የተናገረችውን ቃል በቃል ወደ አማርኛ እየመለስኩልሽ ነው፤ ስጨርስ እልክልሻለሁ። አንብበሽ የሚመስልሽን ጻፊልኝ፤ ብትቆጪኝም ይሁን። የሰው ቃል ናፍቆኛል።

እናትሽን ሳሚልኝ።

ሱንዱስ
ሐርጌሳ