የእማዬ እልልታ

ጥር 8

ዛሬም እንደ ወትሮው። አገር የሚገዛው ሰውዬ አደባባይ ወጥቶ ንግግር አደረገ። ማይኮቹን ዘርግቼ ቀረጽኩ። ሕዝቡ ከየመሥሪያ ቤቱ በአውቶቡስ ተጭኖ የመጣ ነው፤ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ሰምቶ ሄደ። ሰው ይጫናል፣ ጭብጨባ ግን በአውቶቡስ አይጫንም።

ስቱዲዮ ተመልሼ እንደ ልማዴ ጭብጨባ መጨመር ጀመርኩ። የራዲዮ ድምፅ ሠራተኛ ነኝ... ሕዝቡ ያላጨበጨበውን እኔ አጨበጭባለሁ። አለቃ በሩ ላይ ቆመ።

"ያንን ሰውዬ አውጣልኝ!"

የሚያስለውን ማለቱ ነው። ሁልጊዜ የምንጨምረው የድሮ የጭብጨባ ቅጂ መሐል የሚያስል ሰው አለ። ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። በእያንዳንዱ ንግግር ላይ ሲያስል ከተማው ለምዶታል። አውቶቡስ ውስጥ ራዲዮ ሲከፈት "ኧረ ይሄን ሰው አሳክሙት!" ይላሉ። ቀልዱ እላይ፣ ሰውዬው ጋ ደርሷል መሰለኝ።

አዲስ ጭብጨባ ከየት ይምጣ? በዚህ ዘመን ማን ያጨበጭባል?

በኋላ የታላቅ እህቴ የእትዬ ሰርግ ትዝ አለኝ። ራሴ ነበርኩ የቀረጽኩት። ወፍራም ጭብጨባ፣ ከላዩ የእማዬ እልልታ። ረጅም፣ የማይቆራረጥ፣ መጨረሻው ላይ ሳቅ የሚያመልጣት። ከቤት አምጥቼ ገለበጥኩት።

ንግግሩን አልሰማሁም። መቼም አልሰማም። ስክሪኑ ላይ ሞገዱ ዝቅ ሲል ዝምታ ነው፤ ዝምታው ውስጥ ጭብጨባ እከታለሁ፣ በቃ። ረጅሙ ዝምታ ላይ እልልታዋን አስቀመጥኳት። አማረ።

ጥር 9

አለቃ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። "ነፍስ ዘራህበት!" አለ። ደስ አለኝ። ምን ይደበቃል... ደስ አለኝ።

ጥር 10

እትዬ ደወለች። በዚህ ሰዓት ደውላ አታውቅም፤ ስፌት ላይ ናት።

"ራዲዮኑን ሰምተኸዋል?"

"የቱን?"

"የመንገድ ዳር ሱቆች በሙሉ ይፈርሳሉ ያለውን። ወዲያው እልል ተባለ። መቀሱ ከእጄ ወደቀ።"

እሷው ቀጠለች።

"እናቴን በገዛ ሱቋ መፍረስ እልል አስባልካት?"

ስልኩን ዘጋችው።

ሄጄ ንግግሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። እውነቷን ነው። ያ ረጅም ዝምታ... ያ ሁሉ ሰው ክው ብሎ የቀረው ለዚህ ነበር። እኔ ደግሞ እዚያው ላይ! እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ ሰፍታ ለእትዬ ያወረሰቻት ሱቅ ነው። ምን ነካኝ? በጆሮው የሚኖር ሰው እንዴት እንዲህ ይደነቁራል?

ጥር 12

አለቃን ለመንኩት። በየቀኑ ከሚደገመው ንግግር ላይ እልልታዋን ብቻ ላውጣት አልኩ።

"አብደሃል? ከላይ ደውለው አመስግነዋል። ያቺን እናት አፈላልጉልኝ ብሏል ሰውዬው።"

"ሞታለች።"

ሳቀ። "ደግ አደረገች። የሞተ ሰው ሐሳቡን አይለውጥም። ይልቅ በገዛ እጅህ ጉሮሮህን አትዝጋ።"

ወጣሁ። ፈሪ ነኝ።

ጥር 26

ፈረሰ።

አመመኝ ብዬ ከሥራ ቀርቼ ሄድኩ። እትዬ የእማዬን ሲንጀር የስፌት መኪና ለብቻዋ ታቅፋ እየተንገዳገደች ወጣች። ልቀበላት ብል "ተወው" አለች። በአንድ በኩል ያዝኩት። አልገፋችኝም፣ አላየችኝምም።

ዶዘሩ መጀመሪያ የጎን ግድግዳውን ነካ። እማዬ የደንበኞቿን ልክ በእርሳስ የምትጽፍበትን። ትከሻ ይሄን ያህል፣ ወገብ ይሄን ያህል... የስንቱ ሰው ወገብ አቧራ ሆነ።

ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና በመንገዱ ትመላለስ ነበር። ያንኑ ንግግር ነው የምትለቀው። እልልታው መጣ። ከነሳቁ።

ጎረቤቷ ጫማ ሠሪው ዕቃውን መሬት ላይ ወርውሮ "ምላሷ ይቆረጥ!" አለ። ማንን እንደረገመ አላወቀም። እትዬ አንገቷን ደፋች።

የካቲት 2

እትዬ ቤት ሄድኩ። ድምፅ ይሰማል፣ ሰው አለ። በሩ ግን አልተከፈተም።

የካቲት 14

ነገ ሰውዬው ይናገራል። ቀጥታ ስርጭት ነው። "እጁን ወደ ላይ ሲያነሳ ጭብጨባውን ትለቀዋለህ" አለኝ አለቃ። "ሴትየዋን እንዳትረሳት።"

ባልለቀው ሌላ ሰው ይለቀዋል። ታዲያ ምን ለውጥ አመጣ? ብለቀው ደግሞ... እትዬ ትሰማለች።

የካቲት 15

አልለቀቅኩትም።

ሰውዬው የቤት ግብር እጥፍ ይሆናል ብሎ እጁን አነሳ። ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር። ተውኩትና የአደባባዩን ማይክ እስከ ጥግ ከፈትኩት። ጸጥ። እጁን እንደገና አነሳ። ጸጥ። ያ ሁሉ ሕዝብ ቆሞ የነፋሱ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። አገሩ በሙሉ ሰማው።

ከዚያ ከሕዝቡ መሐል አንድ ሰው አሳለ። የእውነት ሳል! ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

አለቃ በሩን በርግዶ ሲገባ ፊቱ አመድ መስሏል። "አስጨረስከን" ብቻ ነው ያለው። ወደ ቤት ሂድ ተባልኩ። ይመጣሉ። ይቺን ደብተር የት ልደብቃት?

መጋቢት 20

ደብተሯ ከምጣዱ... አይ፣ የት እንደነበረች አልጽፍም። እዚያ ክፍል ውስጥ የሆነውንም አልጽፍም። በግራ በኩል ማኘክ አልችልም፣ ይብቃ።

ስፈታ በሩ ላይ የጠበቀችኝ እትዬ ናት። ኮት ይዛ ነበር፤ ልኬን በልቧ ታውቃለች፣ ሰፍታልኛለች። ሰፋኝ። "ትሞላዋለህ" አለች።

ሥራ የለኝም። ቤቴን ፈትሸው የቀረጽኩትን ሁሉ ጠራርገው ወስደዋል። የሰርጉንም። አሁን እትዬ ከመኝታ ቤቷ ጥግ ትሰፋለች፣ እኔ ቁልፍ እተክላለሁ።

ዛሬ አንዲት ደንበኛ ቀሚስ ልትለካ መጣች። የጎረቤት ራዲዮ በግድግዳው ያልፋል። ሰውዬው ነው። እልልታው መጣ። እኔ ብወጣም እሷ አልወጣችም።

"ይቺ ሴትዮ ደግሞ!" አለች ደንበኛዋ። "ስንት ከፍለዋት ይሆን? ሆዳም! አንድ ቀን ባገኛት..."

እትዬ አፏ ውስጥ ስፒል ይዛ ነበር። አንድ በአንድ አወጣችና መዳፏ ላይ ሰበሰበች።

"እናታችን ናት። ከሞተች ቆየች። እልል ያለችው ለእኔ ሰርግ ነው።"

ሴትየዋ መግቢያ ጠፋት። እኔን አየችኝ።

"የሰጠኋቸው እኔ ነኝ" አልኩ።

"ይቅር በሉኝ... በሞቴ... ራዲዮኑን ዝጉት ልበላቸው?"

"ተዪው" አለች እትዬ።

ስፒሎቹን እንደያዘች ቆማ ጠበቀች። መጨረሻው ላይ ያቺ ሳቅ እስክታመልጣት። እኔም መርፌዬን አቁሜ ሰማሁ። ሌላ ቦታ እኮ የለችም።