ሀብታሙን ያስወጣሁበት ፍርድ

ለውድ አባቴ፣

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ጉልበትዎን ብርዱ አስቸገረዎት ወይስ ተሻለዎት? እማዬስ ስኳሯን ትከታተላለች? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከሐሳብ በቀር የሚያመኝ የለም። ሐሳቡም ደሴ ላይ ፊሽካ ሲነፉ ከኖሩት ከእርስዎ የወረስኩት ነው፤ ዳኝነት።

የእህቴ የእታገኝ ባል ሀብታሙ፣ ማሪዬታ ከተማ አብረውት ከሚሠሩ ሕንዶችና ፓኪስታኖች ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ክሪኬት የሚሉትን የኳስና የዱላ ጨዋታ ይጫወታል። እኔንም ከማንም ወገን አይደለህም ብለው ዳኛ አደረጉኝ፤ የአንዱ አማች መሆኔን ማን አሰበው?

በዚህ ጨዋታ ኳሱ ሳይወረወር ከመስመሩ ቀድሞ የወጣ ሯጭ ካለ፣ ወርዋሪው ከኋላው የተተከሉትን እንጨቶች በኳሱ ጥሎ ያስወጣዋል። ሕጉ ይፈቅዳል። ብዙዎች ግን ነውር ነው ይላሉ፤ ነውርነቱ የሚታያቸው ሲደረግባቸው ነው። ሀብታሙ በፋሲካ ሰሞን አንዱን ፓኪስታናዊ እንዲህ አስወጥቶ ሲስቅ ከረመ። በቀደም ደግሞ ራሱ ቀድሞ ወጣና እንጨቱ ተጣለበት። አውት፣ ወጥተሃል አልኩ፤ ቡድኑም በዚያው ተሸነፈ። ሰው ፊት፣ ሕግ ሌላ ጨዋነት ሌላ ብሎ ጮኸብኝ። ከዚያ ወዲህ ከትናንት በቀር ቤታቸው አልገባሁም። እሑድ ደግሞ የልጃቸው የሚካኤላ ክርስትና ነው።

ሽማግሌ ላክሁ። ክሪኬትን በዓይናቸው ዓይተው አያውቁም፤ ቢሆንም ጉዳዩን እንደ ርስት ክርክር አጣርተው ያዙት። በመጨረሻ ተሳስቻለሁ በለውና ይለቅ አሉኝ። ተሳስቼ ነው ወይ ስላቸው፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋሽ ነጋ ሳያፍሩ፣ «ለባዳ ቢሆን ልክ ነህ እንልህ ነበር» አሉኝ።

ትናንት እነ ሀብታሙ ቤት ሄጄ ስላስከፋሁህ ይቅርታ አልኩት። «ተሳስቻለሁ በል» አለኝ። እታገኝ ልጇን ታቅፋ ዓይን ዓይኔን ታየኝ ነበር። አባዬ፣ እንደዚያ የጨነቀኝ ቀን የለም። ያቺን ቃል ብተነፍሳት ሁሉም ይቀል ነበር። ግን ያ ፓኪስታናዊስ? እሱንም አውት ያልኩት እኔ ነኝ፤ አንገቱን ደፍቶ ወጣ እንጂ ሽማግሌ የላከለት የለም። ተሰናብቼ ወጣሁ።

ለእማዬ ናፍቆቴን ይንገሩልኝ። ወንድሜ ፍሬው ጉልበትዎን ማሸቱን እንዳይተው፤ ጎረቤታችንን እትዬ ማርያምንም ከነልጆቿ ሰላም ይበሉልኝ።

እታገኝ ትደውልልዎታለች፤ ልጅዎን ይቆጡልኝ ትላለች። ይቆጡኝ፣ እችለዋለሁ። ተሳስተሃል ግን አይበሉኝ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እቆማለሁ፤ ካልጠሩኝ ልጅቷን ከሩቅ አይቼ እመለሳለሁ።

ልጅዎ ይገዙ
ስማይርና፣ አትላንታ
ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.