የአሉሚኒየም ጉልበት

አዳማ፣ ታኅሣሥ

ውድ እህቴ፣

«አሉሚኒየም ምን አላት፣ ቅቤ እኮ ናት» ሲል የሰማሁት ባጃጅ ውስጥ አብሮኝ የተሳፈረ ሰው ነው። የተናገረው ለሹፌሩ እንጂ ለእኔ አልነበረም። እኔ ግን አመንኩት። ዕድሜ ልኬን መጽሐፍ ሳገላብጥ ኖሬ፣ ሳልመረምር የተቀበልኩት ቃል የማላውቀው ተሳፋሪ ቃል ሆነ። የምነግርሽ ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው። ሰላምታ ሳላቀርብ ወሬ መጀመሬን ይቅር በዪኝ።

ለመሆኑ እንዴት ነሽ? የዝዋይ ንፋስ ፋታ ሰጣችሁ? ጤና ጣቢያው ውስጥ ተረኛነቱ አልበዛብሽም? እጮኛሽስ ሰላም ነው? ነርስ የሚያገባ ሰው መታመም አይፈራም ብዬሃለሁ በዪልኝ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በዚህ ቤት «ደህና ነን» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ አንቺም አድገሽበታል።

ይህን ሁሉ በስልክ ያልነገርኩሽ አባባ ስልኩን ስፒከር ላይ ካላደረግኩ ስለማያስወሩኝ ነው። ደብዳቤውን ወደ እናንተ ለሚመላለሰው የሚኒባስ ሹፌር እሰጠዋለሁ።

ስኳሩ ግራ እግራቸውን ከጉልበት በላይ ከወሰደ ወዲህ አባባ በሰው ሠራሹ እግር መሄድ እንደለመዱ አይተሻል። ያላየሽው የእግሩ ጉልበት መሰንጠቁን ነው። ላይኛውንና ታችኛውን ክፍል በብሎን የምታያይዝ አንዲት የአሉሚኒየም ቁራጭ አለች፤ የተሰነጠቀችው እሷ ናት። እግሩን ወደሠሩልን ሰዎች ይዣት ሄድኩ። በትሕትና ተቀበሉኝ። ዕቃው ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ሲመጣ እንደውልልሃለን አሉኝ። መቼ ይመጣል ብዬ ስጠይቅ ሰውየው ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። እኔም አብሬው አየሁ። ጣሪያው ላይ የተጻፈ ነገር የለም።

ሰርግሽ ደግሞ ጥር ላይ ነው። በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ ከቤተ ክርስቲያኑ በር እስከ መድረኩ ላድርሳቸው ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። አባባ፣ «ሠላሳ ዓመት የጅቡቲን መንገድ የጨረስኩት መሪ ጨብጬ፣ ቁጭ ብዬ ነው። ልጄን ግን ቁጭ ብዬ አልሰጥም» አሉ። ወንበር ከሆነ ቤት እቀራለሁ፣ አጎቷ ይስጣት ብለው ጨመሩ። ይቀራሉ ደግሞ። ክራባት ግድ ነው ሲባሉ ከእኔ ምርቃት በር ላይ የተመለሱ ሰው ናቸው።

እንግዲህ ማሽኔን ታስታውሻለሽ። የምግብ ጠረጴዛችንን አስነስታ ሳሎን የተቀመጠችው፣ ኮምፒውተር እያዘዛት እንጨት የምትቀርጸው ሲኤንሲ። ፊዚክስ ከማስተማር በተረፈኝ ሰዓት የሱቅ ስምና በር ላይ የሚሰቀል ጥቅስ አወጣባታለሁ። የተሠራችው ለትርፍ ጊዜ መዝናኛ ነው። እሷን አሉሚኒየም ቁረጪ ማለት ፍየል ጠምዶ ማረስ ነው። ጠመድኳት።

ያ ተሳፋሪ ግማሹን እውነት ተናግሯል። አሉሚኒየም በእርግጥ እንደ ቅቤ ነው፤ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ በመቁረጫው ጥርስ መሐል ገብቶ ይጋገራል፣ ከዚያ መቁረጫው ቀጭ ይላል። የመጀመሪያው ሲሰበር አዘንኩ። ሁለተኛው ሲሰበር ተናደድኩ። የቀሩትን እንደ ሩቅ አገር ዜና ነው የሰማኋቸው።

እስከዚያ የምቆርጠው የአሉሚኒየም ድስት ከሚያቀልጡ ሰዎች የገዛሁትን ቁራጭ ነበር። ከአሮጌው መናኸሪያ ጀርባ የተበላሸ መኪና እየፈታታ የሚሸጠው ያደታ ይህን ሲሰማ ተቀምጦ ነበር፤ ለመሳቅ ብሎ ተነሣ። «ቲቸር፣ ከድስት ጉልበት? ዋቃ እንኳን ሰውን ከጭቃ ነው የሠራው፣ ከድስት አልሞከረም» አለኝ። ከአንድ የጭነት መኪና የተፈታ ወፍራም አሉሚኒየም አውጥቶ ወረወረልኝ። ይሄ ይበልጥ ጠንካራ ነው፣ ግን የሚሆንህ አይመስለኝም አለ። እኔም አልመሰለኝም። በአንድ ሐሳብ ተለያየን።

ኢንተርኔት ላይ የሚያስተምሩ ሰዎች ሲቆረጥ በአልኮል እያረጠብክ አብርደው ይላሉ። ነጭ ጋዝ ሞከርኩ፣ አባባን አሳላቸው። የእጅ ማጽጃው አልኮል በአንድ ከሰዓት አለቀ። የቀረው አረቄ ነው። ስለዚህ ወንድምሽ፣ የወንጌላውያን ልጅ፣ የመዘምራን የቀድሞ ሰብሳቢ፣ በጠራራ ፀሐይ ከእትዬ ሮማነወርቅ ቤት አረቄ በጠርሙስ ይዞ ወጣ። በሌላ ቀንም ወጣ። እትዬ ሮማነወርቅ ራሳቸው፣ «አንተ ጴንጤ፣ ከደንበኞቼ ሁሉ በለጥክ እኮ፤ ቀስ በል፣ ጉበት አንድ ነው» አሉኝ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ሽማግሌያችን ጋሽ ዲበኩሉ ሊጎበኙን መጡ። ሳሎኑ እንደ ጠጅ ቤት ይሸታል፤ ማሽኗ ትጮኻለች፤ እኔ ዓይኔ ቀልቶ በሲሪንጅ አረቄ አንጠባጥባለሁ። ለአሉሚኒየሙ ነው ብዬ አስረዳሁ። ጋሽ ዲበኩሉ በትዕግሥት አዳመጡኝና፣ «ልጄ፣ በሐዘን ያመካኘ አይቻለሁ፣ በብርድ ያመካኘ አይቻለሁ። በአሉሚኒየም ያመካኘ አንተ የመጀመሪያው ነህ» አሉ። ከዚያ ጭንቅላቴ ላይ እጃቸውን ጭነው ጸለዩልኝ። ሲወጡ ማሽኗንም ዳሰስ አደረጓት፤ ለእሷ ይሁን ሚዛናቸውን ለመጠበቅ አላወቅኩም። አባባ አልጋቸው ላይ ሆነው ሲስቁ ይሰማኛል።

በዚህ መሐል ደግሞ መብራት ይሄዳል። መብራት ሲሄድ ማሽኗ የት እንደደረሰች ይጠፋታል፤ ሲመለስ መነሻዋን ካላሳየኋት በቆረጠችው ላይ ጠማማ ትቆርጣለች። አንዷ ቁራጭ ልታልቅ ትንሽ ሲቀራት እንዲሁ ተበላሸች። ሌላዋ ማሰሪያዋን በጥሳ ተስፈንጥራ የእማዬን ፎቶ መስተዋት ሰበረች። ፎቶው አልተነካም። መስተዋት አልገዛሁለትም፤ ገና የምትስፈነጠር ትኖራለች ብዬ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ይሆናል ብዬ ያሰብኩበት ቀን የለም። የቀጠልኩት ማቆሜን ለአባባ መናገር ስላቃተኝ ነው። ጠዋት ጠዋት፣ «ጉልበቴ እንዴት አደረች?» ይሉኛል፣ ሆስፒታል የተኛች ዘመድ ይመስል። ተስፋ የቆረጠ ሰው ግን አንድ ጥቅም አለው፤ አይቸኩልም። ማሽኗን እንድታዘግም አደረግኳት፣ በእያንዳንዱ ዙር የወረቀት ያህል ብቻ እንድትልጥ። ከጎኗ ተቀምጬ ሳንጠባጥብ ዋልኩ። መብራትም ያን ቀን፣ በምን ምክንያት እንደሆነ እንጃ፣ አልሄደም። ቁራጯ ወጣች። ብሎኑ ገባ። ጉልበቱ ታጠፈ፣ ተዘረጋ። ደስ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እንቅልፍ መጣብኝ።

ትናንት ከሰዓት ልምምድ አደረግን። አባባ ሰው ሠራሹን እግር አጠለቁ፤ ቀኝ እግራቸውን ጫማ ይከብደኛል ብለው በካልሲ ብቻ ቆሙ። ከመኝታ ቤቱ በር እስከ ቴሌቪዥኑ ያለው የቤተ ክርስቲያኑ መተላለፊያ ሆነ። ሙሽራ አስፈለገ። ከእኔ ሌላ ሰው አልነበረም። ክንዳቸውን ያዝኩ። ሁለት እርምጃ እንደሄድን ቆሙና፣ «ቀስ በል እንጂ! ሙሽራ ናት፣ ታክሲ የሚያመልጣት አይደለችም» አሉኝ። ቀስ አልኩ። እትዬ ሮማነወርቅ ጠርሙሳቸውን ሊወስዱ መጥተው በሩ ላይ ደረሱብን፤ ምንም ሳይጠይቁ እልል አሉ። ሄድን፣ ተመለስን፣ ደግመን ሄድን። አባባ አልተደናቀፉም። ቴሌቪዥኑ ጋ ሲደርሱ እጄን ከክንዳቸው አላቀው ለባዶው አየር ሰጡ፣ እጮኛሽ እዚያ ቆሟል ብለው። ከዚያ ወደ እኔ አላዩም። እኔም ወደ እሳቸው አላየሁም።

ቁራጯ ወር ትቆይ ዓመት አላውቅም። ከበር እስከ መድረክ ካደረሰች በኋላ ብትሰበር አልቀየማትም። አባባ ግን ከሰርጉ በኋላ ዝዋይ ድረስ መጥቼ ቤቷን አያለሁ ማለት ጀምረዋል። ተዉ አላልኳቸውም።

እንግዲህ እህቴ፣ ጎጆሽ ሳቅ አይጉደለው፤ ደጃችሁ ሰው የሚገባበት እንጂ ሰው የሚናፈቅበት አይሁን፤ እጅሽ የነካው ሕመምተኛ ሁሉ ተነሥቶ ይሂድ። እስክንገናኝ ጌታ በመዳፉ ይያዝሽ።

አንድ ከሰዓት ሙሽራ ሆኖ የዋለው
ታላቅ ወንድምሽ

ፈርሜ ከጨረስኩ በኋላ፣ ለሰርጉ ጫማ ልግዛላቸው ብለሽ ቁጥራቸውን መጠየቅሽ ትዝ አለኝና ቀኝ እግራቸውን ልለካ ካልሲያቸውን አወለቅኩ። አርባ ሁለት ነው። ከማሽኗ የተፈናጠረ የጥፍር ያህል የአሉሚኒየም ስንጣሪ ተረከዛቸው ውስጥ ገብቶ፣ ካልሲው ላይ የትናንት ደም ደርቆበታል፤ እሳቸው አልተሰማቸውም፤ ስኳር እግርን እንደሚያደነዝዝ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት እንሄዳለን። ስንጣሪውን በወረንጦ ስነቅለው አባባ ስለ ሰርግሽ መዝሙር እያወሩኝ ነበር፤ ወሬያቸውን አላቋረጡም።