ልቦለዴን ማል አሉኝ

ወንድሜ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። የወልድያ እስር ቤት ብርድ እንዴት ይዞሃል? እንደኛ ላለ የቆላ ሰው አይመችም። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ቆቦም ያው ሙቀቷ ነው። ይህን ወረቀት እህትህ ዘሊካ ከስንቁ ጋር ታደርስልሃለች። ብቻህን ሆነህ አንብበው።

መጀመሪያ ደስ የሚለውን ልንገርህ። የጻፍኩት ልቦለድ የምንሠራበትን የድንጋይ መፍጫ አሠራር ገለበጠው። ተቆጣጣሪዎች መጥተው ዘጉት፤ ሲከፈት መፍጫውን ለሚያዞረው ለየቺንጋው የብረት ሽፋን ተገጠመለት፤ ጓንት ታደለ፤ ፈረቃውም ወደ ስምንት ሰዓት አጠረ። በቀደም ጎብዬ ሻይ ቤት አንድ የማላውቀው ሰው ተነስቶ ግንባሬን ሳመኝ። ፊቱ ላይ ልተፋበት ትንሽ ነው የቀረኝ።

የወንድምህ የኑሀ አሟሟት እንደጻፍኩት ነው። ሽፋን የሌለው ቺንጋ መጀመሪያ ሽርጡን ያዘው፤ ከዚያ እግሩን፤ ከዚያ ወገቡን። ሞተሩ እስኪጠፋ አጥንቱ ከድንጋዩ ጋር ተፈጨ። ጩኸቱ እንኳ አላለቀም ነበር። ደሙን ከፊቴ ያጠብኩት በምራቄ ነው።

ስሞቹን ቀየርኩ። ነገር ግን አንባቢ የሚጠላው ሰው ይፈልጋልና "ሽፋኑ ሥራ ያጓትታል፣ ፍቱና ጣሉት" የሚል ክፉ ካቦ ፈጠርኩ፤ የካቦአችንን የበድረዲንን የከንፈር ጠባሳም ሰጠሁት። ለምን አትበለኝ።

አንተ ሮቢት ከተማ ሲነበብ ሰምተህ እስኪያልቅ እንኳ አልታገሥክም። በጠባሳው በድረዲን ነው ብለህ ዋጃ ገበያ መሀል ደርሰህበት ሦስት ጊዜ ወጋኸው። አንጀቱን በእጁ ይዞ እየሮጠ የእህል ጆንያ ላይ ወደቀ አሉ። አርባ ቀን ታግሎ ባለፈው ሰኞ ሞተ።

አሁን ነገሩ ደም በሚያደርቁት በአበጋሮች እጅ ነው። ከእነሱ አንዱ ሐጂ አብዱሰመድ አስጠሩኝ። የበድረዲን ወገኖች፣ ታሪኩ እውነት ከሆነ ደም በደም ሄዷልና እንታረቃለን፤ ውሸት ከሆነ ግን ከገዳዩ ቤት ወንድ አይተርፍም ብለዋል አሉኝ። ልቦለድ ነው፣ ፈጥሬ ነው የጻፍኩት ብላቸው ተቆጡኝ። በፈጠራ ማን ይሞታል፣ እኛ የቀበርነው ሰው ነው፤ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቁርኣን መትተህ ማል አሉኝ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይሄ ነው።

ታሪኩ እውነት ነው ብዬ ብምል ልጆችህ ይተርፋሉ። ወላሂ፣ ልምልልህ ቆርጬ ነበር። ዛሬ ጧት ግን በድረዲን ቤት ለቅሶ ደረስኩ። እናቱ እጄን ያዙና ልጄ እውነት ክፉ ሰው ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

ዓርብ አልምልም። ደሙ በአንተ ቤት እንዳይቆጠር፣ ከእኔ እንዲፈለግ እለምናቸዋለሁ። ለዚህ ምክንያት አለኝ፤ ከሽማግሎቹ በፊት አንተ ስማው። ኑሀ በሞተበት ጧት በድረዲን ስለ ሽፋኑ መጮሁ እውነት ነው። "መልሰህ ግጠመው፣ ሰው ታስፈጃለህ" እያለ ነበር የጮኸብኝ። ሽፋኑን የፈታሁበትን መፍቻ ኪሴ ከትቼ ሳቅሁበት።

አላህ ከዚያ ግንብ በጤና ያውጣህ፤ ልጆችህን ለወግ ያብቃልህ። ስትወጣ ቤቴን ታውቀዋለህ። በሩን አልቆልፍም።

አብሮ አደግህ